የካጋን መርዶ

ቡታጅራ ውስጥ መምህር ይድነቃቸውን በስሙ የሚጠራው ሰው ጥቂት ነው። ተማሪዎቹ ካጋን ይሉታል። ካጋን የጥንት ቱርኮች ንጉሣቸውን የሚጠሩበት ማዕረግ ነው፤ ያስተማራቸውም እሱ ራሱ ነው። ስሙ ከክፍል ወጥቶ ወደ መምህራን ማረፊያ፣ ከዚያም ወደ ሰፈር ገባ። የባጃጅ ሾፌሮች እንኳ «ካጋን፣ ግባ፣ በመንገዴ ነህ» ይሉታል። እሱም ይገባል። ተቆጥቶ አያውቅም።

ንጉሥ የሚያስመስለው ነገር የለውም። ቀጭን ነው። ትከሻው ላይ የጠመኔ ብናኝ የማይጠፋው ኮት ይለብሳል፤ ሲናገር ድምፁ ዝቅ ይላል። የተወለደው ጎጃም፣ ቢቸና አጠገብ ነው። በወጣትነቱ የታሪክ መምህር ሆኖ ቡታጅራ ሲመደብ ሐሳቡ ጥቂት ቆይቶ ዝውውር መጠየቅ ነበር። አልጠየቀም። ለምን እንደተወው ሲናገር የሰማ የለም። ሳያገባ ሃምሳን አለፈ።

የሚኖረው አቶ ሰይዶ ግቢ ውስጥ ባለች ክፍል ነው። ሰይዶ ከመስቃን ገበሬዎች በርበሬ እየገዛ አዲስ አበባ የሚልክ ነጋዴ ነው። ግቢው ውስጥ በርበሬ ስለሚሰጣ አዲስ እንግዳ ሳያስነጥስ አይገባም። ይድነቃቸው ማስነጠሱን ከተወ ብዙ ዘመኑ ነው። የሰይዶ ሚስት ሳሌሃ ለልጆቿ ስታካፍል ለእሱም ታካፍላለች። በጾም ቀን ከሆነ ቅቤ የሌለውን ለይታ ትልክለታለች፤ ቀኑን ከእሱ ይልቅ እሷ አጥርታ ታውቀዋለች።

ስለ ቱርኮች ማንበብ የጀመረው ከእኛው ታሪክ ተነሥቶ ነው። ይኩኖ አምላክ ጳጳስ እንዲላክለት የጻፈው ለግብጹ ሱልጣን ለቤይባርስ እንደነበረ የታሪክ መምህራን ያውቃሉ። ይድነቃቸው ደግሞ ቤይባርስ የማን ልጅ ነው ብሎ ጠየቀ። ፍለጋው ከጥቁር ባሕር በስተሰሜን ካለው ማለቂያ የሌለው የሣር ሜዳ አደረሰው። ቤይባርስ ኪፕቻክ ከተባሉት ቱርክ ዘላኖች ተወልዶ፣ በልጅነቱ ተማርኮ፣ እንደ ከብት እየተሸጠ ግብጽ የደረሰ ሰው ነበር። ባሪያ ሆኖ በገባበት አገር ነገሠ።

ከዚያ ወዲያ ይድነቃቸው ከሜዳው አልተመለሰም። ኪፕቻኮችን፣ ከእነሱ በፊት የነበሩትን ፔቼኔጎችና ኦጉዞች፣ ከሁሉም በፊት ከቻይና ድንበር እስከ ምዕራብ ሜዳ የገዙትን ገክቱርኮች አንድ በአንድ ተከተላቸው። ለትምህርት ቱርክ የሄደው የቀድሞ ተማሪው ሙሀይሚን ሰው ባገኘ ቁጥር ወፍራም የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ይልክለታል። ይድነቃቸው መዝገበ ቃላት ጭኑ ላይ አድርጎ ያነባል። የሱፍ ድንኳናቸውን እንዴት እንደሚነቅሉ፣ ክረምቱን በሸለቆ፣ በጋውን በተራራ እንዴት እንደሚያሳልፉ፣ የባዝራ ወተት እንዴት እንደሚያቦኩ ያውቃል። ፈረስ ላይ ግን ወጥቶ አያውቅም። ጋሪ ላይ ሲቀመጥም በሁለት እጁ ነው የሚይዘው።

በመማሪያ መጽሐፉ ውስጥ ለእነዚህ ሰዎች የተሰጣቸው ግማሽ ገጽ ነው። ይድነቃቸው አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ይሰጣቸዋል። በየዓመቱ፣ መጋቢት ውስጥ።

*

ነብዩ ታናሽ ወንድሙ ነበር። አባታቸው ሲሞት ሁለት ልጆችና አንድ ጥማድ በሬ ቀሩ። አንዱ መማር፣ አንዱ ማረስ ነበረበት። ነብዩ በልጅ ጉልበቱ ሞፈሩን ያዘ፤ ይድነቃቸው ደብተሩን። ስለዚህ ነገር ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ይደዋወሉ ነበር። ነብዩ ኔትወርክ ፍለጋ ኮረብታ ስለሚወጣ ስልኩን ሲያነሣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ስለ ዝናብ፣ ስለ በሬዎቹ፣ አዲስ አበባ ስላለችው ስለ ልጁ ስለ ሳምሪ ያወራሉ። ከዚያ «በል እንግዲህ» ይባባሉና ይዘጋል።

ባለፈው ጥር ስልኩ አልሠራ አለ። መንገዱም ሰላም አልነበረም። ሳምሪ ትደውልና «ጋሼ፣ ኔትወርክ የለም እንጂ አባባ ደህና ነው፤ ሰው መጥቶ ነግሮኛል» ትለዋለች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ይድነቃቸው መምህራን ማረፊያ ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ሳምሪ ፕሮፋይሏ ላይ የነበረውን የራሷን ፎቶ ቀይራ የአባቷን አድርጋለች። ነብዩ ነጭ ጋቢ ለብሶ፣ ከሥሩ የምትነድ ሻማ። ይድነቃቸው ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ደፋው። ደወል ተደወለ። ገብቶ አስተማረ። ሲመለስ ፎቶው የለም፤ በቦታው ቀይ ጽጌረዳ ተተክቷል። አንድ ሰው ተቆጥቷት መሆን አለበት፤ አጎትሽ ገና አልተረዳም፣ በስልክ ልታረጂው ነው ወይ ብሎ።

ይህንን ሁሉ ይድነቃቸው በኋላ ለባልቻ ነግሮታል፤ እኔም የሰማሁት ከባልቻ ነው። ባልቻ የእምድብር ሰው ነው፤ ጂኦግራፊ ያስተምራል፤ ከይድነቃቸው ጋር አንድ ጠረጴዛ ይጋራሉ።

ይድነቃቸው ያን ማታ እራቱን በላ። በማግስቱ ፈተና አረመ። የሆነው ነገር ገብቶታል፤ ግን ተቀምጦበት እንደደነዘዘ እግር ሆነበት፤ የራሱ እግር መሆኑን ያውቃል፣ አይሰማውም። አውቄአለሁ ብሎ መናገር አልቻለም። ያልተረዳ ሰው አያለቅስም። መርዶ ሰው ተሰብስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ በር አንኳኩቶ ነው የሚነገረው። አውቃለሁ ቢል ማን ነገረህ ይመጣል፤ ጥፋቱ እሷ ላይ ይወድቃል። እሷ ደግሞ እርጉዝ ነበረች።

ስለዚህ እስኪመጡ ጠበቀ። እሑድ ጎሕ ሳይቀድ ተነሥቶ ፊቱን ይታጠባል፤ ልብሱን ለብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ይቀመጣል። ግቢው ውስጥ የሚሰማው የሰይዶ የሱብሒ ስግደት ብቻ ነው። ይነጋል። የሚመጣ የለም። በሚቀጥለው እሑድም እንዲሁ።

ከሁሉ የከበደው ማልቀስ አለመቻሉ አልነበረም። መጠየቅ አለመቻሉ ነው። ነብዩ ከምን ሞተ? ታሞ ነው ወይስ ድንገት? ማን ገነዘው? የት ተቀበረ? ባልተረዳ አፍ ይህ አይጠየቅም። ሳምሪ ስትደውል «አባባ ሰላም ብሎሃል» ትለዋለች፤ እሱም «ሰላም በዪው» ይላታል።

አንዴ ለብቻው ሊያለቅስ ከከተማ ወጥቶ ወደ መስቃን ገጠር በእግሩ ሄደ። ሰው የሌለበት የእንሰት ማሳ አገኘና በመካከሉ ቆመ። ምንም አልመጣለትም። እንደቆመ አንድ ገበሬ በመንገድ ሲያልፍ አየው። ሙዝደሊፋ የሚባል ነው።

«አሰላሙ አለይኩም። ምነው ወንድሜ፣ የጠፋ ነገር አለ?»

«በግ» አለ ይድነቃቸው።

«ቀለሙ?»

«ቀይ።»

ሙዝደሊፋ የያዘውን እንጨት አስቀምጦ አብሮት ፈለገ። ማሳ ለማሳ ዞሩ፤ ጎረቤት ተጠየቀ፤ ሕፃናት ተላኩ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሙዝደሊፋ ላቡን እየጠረገ «ጅብ ካልቀደመን ነገ ይገኛል፤ አንተ ግን ሐዘንህን አታብዛው፤ በግ ነው» አለው። ይድነቃቸው አመስግኖ ተመለሰ።

*

ሰይዶ መርዶውን የሰማው ገና በጥር ነው። ሳምሪ ራሷ ደውላ፣ «አደራ ጋሽ ሰይዶ፣ እኔ ሳልመጣ እንዳትነግሩት፤ የሚያለቅስለት ዘመድ በሌለበት እንዳይረዳ» ብላዋለች። ነገሩ ትክክል ነበር። ለቅሶ የሚጀምረው ዘመድ ነው። ጎረቤት ይከተላል እንጂ አይጀምርም። ይድነቃቸው ደግሞ ቡታጅራ ውስጥ አንድም የሥጋ ዘመድ የለው። እድርተኛው ተመካክሮ ይጠበቅ አለ።

ሳምሪ ልትመጣ ስትል ወለደች። አራስ ደግሞ መንገድ አትወጣም፤ ለቅሶ ቤትም አትገባም። ከዚያ ዐቢይ ጾም ገባ፤ ረመዳንም ገባ። አርባው አለፈ። ሰይዶ ይድነቃቸውን ግቢ ውስጥ ባየው ቁጥር መገላበጥ የማያስፈልገውን በርበሬ ያገላብጣል። ሳሌሃ ምግብ ስትልክለት መጠኑን ጨመረች። ባልቻ የነበረው ቀልድ ሁሉ አለቀበት። የሰፈሩ ሰው እንዲህ ሆኖ ከረመ፤ እኛ እንዳያውቅ ስንጠነቀቅለት፣ እሱ እንዳናውቅበት ሲጠነቀቅልን።

መጋቢት ላይ የቱርኮቹ ክፍለ ጊዜ ደረሰ።

የሰይዶ የወንድም ልጅ ራምዚ በዚያ ክፍል ነው፤ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ይድነቃቸው ገባ፤ ሰሌዳውን ጠረገ፤ እንደ ልማዱ ሜዳውን በአንድ ረጅም መስመር ሣለ። ስለ ድንኳኑ፣ ስለ ፈረሱ፣ ስለ ካጋኑ ተናገረ። ከዚያ ቀብራቸው ላይ ደረሰ።

«ሰው ሲሞት» አለ፣ «ሬሳውን ድንኳን ውስጥ ያኖሩታል። ዘመዶቹ በጎችና ፈረሶች ያርዳሉ። ከዚያ ፈረስ ላይ ሆነው ድንኳኑን ሰባት ጊዜ ይዞራሉ። በሩ ላይ ሲደርሱ ፊታቸውን በቢላ ይቧጭራሉ፤ ደሙና እንባው አብሮ ይወርዳል። ቀብሩ ግን ወዲያው አይደለም። በጸደይና በበጋ የሞተ ቅጠል እስኪረግፍ ይጠበቃል። በበልግና በክረምት የሞተ ቅጠል እስኪያቆጠቁጥ ይጠበቃል። ይህን የጻፉልን ጎረቤቶቻቸው ቻይናዎች ናቸው።»

«ቲቸር፣ እስከዚያ አይሸትም?» አለ ከኋላ አንዱ።

«አገሩ ብርድ ነው።»

«በበጋ የሞተስ?»

«በበጋ የሞተው ይሸታል።»

ክፍሉ ሳቀ።

«እድር የላቸውማ» አለች አንዲት ልጅ። «እድር ቢኖራቸው በዕለቱ ይቀበር ነበር።»

«ጡሩምባ ነፊው በፈረስ ስድስት ወር ሲዞር ታየኝ» አለ ሌላው።

ይድነቃቸው ሳቁ እስኪበርድ ቆመ። «የዘላን ዘመድ አንድ ቦታ አይገኝም» አለ። «አንዱ ወንድም በዚህ ሸለቆ ነው፤ ሌላው የወር መንገድ ርቆ ከብት ይዞ ወጥቷል። ወሬው መድረስ አለበት። ሰዉ መሰብሰብ አለበት። ስለዚህ ሟች ይቆያል።»

«ሟቹ ይጠብቃቸዋል ማለት ነው?» አለች ልጅቷ።

«ሟች አይጠብቅም። የሚጠብቁት ቋሚዎቹ ናቸው። ሰው እስኪሟላ ድረስ ሐዘኑ አላለቀም፤ አልተጀመረምም።»

ሁሉም ጻፈ። ራምዚ አልጻፈም፤ አልሳቀምም። ይድነቃቸው ጸጥታው ገርሞት ይመስላል ትንሽ ተመለከተው፤ ከዚያ ወደ ሰሌዳው ዞረ። የእነዚያ ሰዎች አንድ ካጋን ታናሽ ወንድሙ ሲሞትበት ሐዘኑን ድንጋይ ላይ እንዳስቀረጸ፣ ድንጋዩም እስከዛሬ ሞንጎሊያ ውስጥ እንዳለ በየዓመቱ ያስተምር ነበር። ዘንድሮ ያንን ዘለለው። እንደዘለለው ያወቀ ተማሪ የለም።

*

ራምዚ ከትምህርት ቤት በቀጥታ የሰይዶ መጋዘን ሄደ።

«አጎቴ፣ ካጋን ያውቃል።»

«ምኑን?»

«ሁሉንም። ፊታችን ቆሞ፣ ሬሳ አስቀምጠው ዘመድ የሚጠብቁ ሰዎች አሉ አለ። ሐዘኑ አልተጀመረም አለ። ሲናገር እኔን ነው ያየኝ።»

ሰይዶ የያዘውን ማዳበሪያ ለቀቀው። አመሻሹ ላይ የእድሩ ሰዎች መጋዘኑ ውስጥ በርበሬው መካከል ተቀመጡ። ባልቻም ተጠርቶ መጣ። እኔ ዘንድሮ የእድሩ ጸሐፊ ስለሆንኩ ጥግ ይዤ ተቀምጫለሁ።

«በየዓመቱ የሚያስተምረው ነው» አለ ባልቻ። «የመጀመሪያ ልጄም ይህንኑ ተምሯል። ቱርኮቹ ሟቻቸውን የሚያቆዩት ለእናንተ ብለው አይደለም።»

«ዘንድሮ ግን ራምዚን እያየ ነው» አለ ሰይዶ።

«ራምዚ ፊት ለፊት ነው የሚቀመጠው። ማንን ይይ? ጣራውን?»

«ነቅፎናል፣ ባልቻ። ጨዋ ሰው በቀጥታ አይናገርም። በቱርክ አስመስሎ ነገረን።»

«ካላወቀስ? ነገ በሩን አንኳኩተን ልቡን ብናቆመውስ? ደም ብዛት አለበት።»

«ልጅቷ ሳትመጣ አይሆንም» አለ አንድ ሽማግሌ። «ማን ያለቅስለታል? ዘመድ የለውም። ሰው ዝም ብሎ ተቀምጦ እሱ ብቻውን ሲያለቅስ ነውር ነው።»

ሳሌሃ ከአጥሩ ወዲያ ሆና ትሰማ ነበር። መጋዘኑ በር ላይ መጥታ ቆመች።

«ዘመድ ነው የጠፋው?» አለች። «ይህን ያህል ዘመን በአንድ ግቢ ስንኖር ከሳህኔ ሳበላው ነው የኖርኩት። ልጆቼን ያስቆጠራቸው እሱ ነው። እኔ ዘመድ ካልሆንኩ ምን ልሆን ነው? አከራይ?»

ወደ ሽማግሌው ዞረች።

«እሑድ እንሄዳለን» አለች። «እኔ እጀምራለሁ።»

ሰይዶ አንገቱን ደፋ። ከዚያ «ለሳምሪስ ማን ይነግራታል?» አለ። ሁላችንም ተያየን። አደራዋን ልንበላ ነው። ነገሩ እንዳለፈ ይነገራታል ተባለና ተነሣን።

*

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ሄድን። ሰይዶ ከፊት፣ ባልቻና ሽማግሌዎቹ ከኋላው፣ ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው በስተመጨረሻ። ሰይዶ ገና ሳያንኳኳ በሩ ተከፈተ። ይድነቃቸው ኮቱን ለብሷል፤ ፊቱን ታጥቧል። አልጋው ተነጥፏል። ወንበሮቹ ግድግዳውን ተጠግተው፣ ለሰው የተሰናዱ ይመስላሉ።

«ግቡ» አለ።

ገባን። ተቀመጥን። ተናጋሪ የተደረገው ሰይዶ ነው። ጉሮሮውን ጠረገ።

«መምህር፣ እንግዲህ አላህ የፈጠረው ሁሉ ወደሱ ተመላሽ ነው። ነቢዩ ኢብራሂም ሞተዋል። ነቢዩ ሙሳም ሞተዋል። የኔም አባት ሞቷል፤ አንተ አታውቀውም፣ ከመምጣትህ በፊት ነው። ጠንካራ ሰው ነበር። በርበሬ ንግዱን የጀመረው እሱ ነው። ያን ጊዜ በአህያ ነበር፤ መኪና አልነበረም። መንገዱም...»

ቆመ። ከአባቱ ንግድ ወደ መርዶው የሚወስደው መንገድ ጠፋው። ባልቻ በክርኑ ነካ አደረገው። ሰይዶ እንደገና ከነቢዩ ኢብራሂም ጀመረ። እንደገና አባቱ ላይ ደርሶ ቆመ። ግንባሩን አላበው።

ይድነቃቸው እጁን ሰዶ የሰይዶን ጉልበት ያዘ።

«ጋሽ ሰይዶ፣ ነብዩ ነው አይደል?»

ሰይዶ ራሱን ነቀነቀ። ነጭ ኮፍያውን አውልቆ ፊቱን ሸፈነ።

ያኔ ሳሌሃ ጮኸች። እንደተናገረችው እሷ ጀመረች፤ ወንድሜ ብላ፣ አይታው የማታውቀውን ሰው በስሙ እየጠራች። ሴቶቹ ተከተሏት። ወንዶቹም። ይድነቃቸው መሃላችን ቆሞ አንዱን ወዲህ አንዱን ወዲያ ይመለከታል። ፊቱ ላይ ምንም አልነበረም። ትንሽ ቆይቶ ለሰይዶ ውሃ ሊቀዳለት ሄደና ሰውየው ጾመኛ መሆኑ ትዝ ሲለው ብርጭቆውን መልሶ አስቀመጠው።

ጡሩምባው ተነፋ። በርበሬው ተነሥቶ ድንኳን ተጣለ። ትምህርት ቤቱ በሙሉ መጣ፤ ከወልቂጤ እንኳ የቀድሞ ተማሪዎቹ በሚኒባስ ሆነው መጡ። ሙስሊሙ ጾመኛ ስለነበረ፣ ክርስቲያኑም ስለ እሱ ብሎ ስላልነካው ንፍሮው እንደቀረበ ተቀምጧል። ይድነቃቸው ፍራሹ ላይ ተቀምጦ የመጣውን ሁሉ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» ይላል። አላለቀሰም። ሴቶቹ በጓሮ «እርሙን ያውጣ እንጂ፣ እንዲህ ደንዝዞ ይቅር እንዴ» ይባባላሉ።

መከራው የመጣው ከጥያቄው ነው። ለቅሶ የደረሰ ሰው ሁሉ ይጠይቃል።

«ምን አሞት ነበር?»

«አላውቅም» ይላል ይድነቃቸው።

ሰይዶ ያፍርና «ድንገት ነው» ይላል። እሱም አያውቅም፤ ሳምሪ አረፈ ብላ ብቻ ነው የነገረችው። ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ነብዩ ብዙ ሞት ሞተ። በአንዱ ጥግ ልብ ነው ተባለ። በሌላው ጥግ ወባ። አንድ ሰው ከገደል ነው ሲል ሰማሁት። ይድነቃቸውም ይሰማል። ለማንም «አይደለም» ሊል አይችልም። ለእያንዳንዱ ሞት አንገቱን ትንሽ ዝቅ ያደርጋል።

ወደ አሥር ሰዓት ገደማ ስልኩ ጠራ። ሳምሪ ናት። የነገራት ሰው አልነበረም፤ ሁላችንም ሌላው ይነግራታል ብለን ትተነዋል። እሑድ ስለሆነ እንደ ልማዷ ነው የደወለችው። ይድነቃቸው ስልኩን ይዞ ከድንኳኑ ጀርባ ወጣ። ባልቻ እንዳይወድቅ ፈርቶ ተከተለው፤ ስልኩ ድምፁ ትልቅ ስለሆነ ሁሉንም ሰማ።

«ጋሼ፣ እንዴት ዋልክ? ሕፃኑ አድጓል። አባባ ሰላም ብሎሃል፤ ኔትወርክ...»

«ሳምሪ» አለ ይድነቃቸው። «ነግረውኛል። ድንኳን ተጥሏል።»



«እኔ ሳልመጣ?» አለች። «አደራ ብዬ አልነበር? ማን አለቀሰልህ?»

«ሳሌሃ። ደግሞ አትቆጪያቸው። እኔ ከጥር ጀምሬ አውቄአለሁ። ፎቶውን አይቼዋለሁ።»

«ፎቶውን... ታዲያ ለምን ዝም አልክ? እኔ በየሳምንቱ እየዋሸሁህ፣ ስልኩን ዘግቼ ስንቀጠቀጥ። እኔም እኮ አላለቀስኩም ጋሼ። ወተትሽ ይደርቃል አሉኝ። አንድ ቀን እንኳ አላስለቀሱኝም።»

«አውቃለሁ» አለ። «ሳምሪ፣ ከምን ሞተ?»

ነገረችው። እሷም በቦታው አልነበረችም፤ እናቷ በመጣ ሰው የላከችላትን ነው የምትናገረው። ሆዱን አመመው። ሁለት ቀን ቻለው። በሦስተኛው ቀን ጎረምሶች በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ደብረ ማርቆስ ሊያደርሱት ወጡ። መንገዱ ተዘግቶ ነበር። ተመለሱ። ሊነጋ ሲል አረፈ። የገነዘው የንስሐ አባቱ ነው። የተቀበረው ከእናታቸው አጠገብ ነው።

«የተናገረው ነገር አለ?»

«ጎረምሶቹ ሲመልሱት፣ በከንቱ አደከምኳችሁ አላቸው። ከዚያ ውሃ ጠየቀ። ሌላ የለም።»

ሳምሪ ማልቀስ ጀመረች። ባልቻ እንዳለው ይድነቃቸው አጽናኝ ቃል አልተናገረም፤ ስልኩን ጆሮው ላይ ይዞ ቆመ። ረጅም ጊዜ አለቀሰች። ሕፃኑ ሲነቃና ሲያለቅስ ሰዎች ገብተው ስልኩን ወሰዱባት።

ይድነቃቸው ተመልሶ ፍራሹ ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ላለው ሰው፣ ሰውየው ሳይጠይቀው፣ «ሆዱን አሞት ነው» አለ። «በቃሬዛ አወጡት፤ መንገዱ ተዘግቶ ነበር፤ መለሱት። ውሃ ጠየቀ፤ ሊነጋ ሲል አረፈ።» አዲስ ሰው ሲገባ እንደገና ተናገረ። ሌላ ሲገባ ደግሞ እንደገና። ቃሉም ቅደም ተከተሉም አይለወጥም፤ ድምፁ ዝቅ ያለ ነው፤ አንድ ትምህርት ለየክፍሉ እየዞረ እንደሚያስተምር። ድንኳኑ ውስጥ ያሉት ሌሎች ሞቶች አንድ በአንድ ዝም አሉ። ሽማግሌዎቹ «መንገድ ነዋ የገደለው» ተባባሉ፤ ከንፈራቸውን መጠጡ።

መግሪብ ደረሰ። ለሙስሊሞቹ ቴምርና ውሃ ቀረበ። ሰይዶ ቴምሩን አፉ አድርሶ፣ ብርጭቆውን አነሣና ቆመ።

«መምህር፣ ውሃ ጠየቀ አልክ?»

«አዎ።»

«ሰጡት?»

ይድነቃቸው አየው። «አልጠየቅኳትም» አለ።

ሰይዶ ብርጭቆውን ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ። ይድነቃቸው ተነሣ። ከድንኳኑ ወጣ። ስልኩን ሲደውል ቁጥሩን ይስታል። ያነሣችው ሌላ ሴት ናት፤ አራስ አታስለቅሱ ብላ ልትዘጋ ስትል «አንድ ነገር ብቻ» ሲላት ሁላችንም ሰማነው። ጠየቀ። ጠበቀ። ሴትዮዋ ሳምሪን ስትጠይቅ፣ ሳምሪ ስትመልስ፣ ድንኳኑ ውስጥ ውሃውን የቀመሰ ሰው አልነበረም።

ተመለሰ።

«ሰጥተውታል» አለ። «ጠጥቷል።»

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሰይዶ። ብርጭቆውን አንሥቶ እስከ ታች ጠጣው።